አንድ ማብሪያ ለሁለት መምህራን

ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኔትወርክ አስተምራለሁ። ቁጡ ነኝ። ይህን እናቴ ታውቃለች፤ ከኦቶና ሰፈር ወደ መናኸሪያ ስመላለስ መልስ ሊያስቀሩብኝ የሚሞክሩ የባጃጅ ሾፌሮችም ያውቃሉ። የኮሌጁን በር ስገባ ግን አፌ ይታሰራል። ያሰሩት የኮምፒውተር ላቡን የምጋራቸው ሰው ናቸው።

ጋሼ እላቸዋለሁ። ዲኑ ሳይቀር ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። የገሱባ ሰው ናቸው። ኮምፒውተር በየቢሮው ከመግባቱ በፊት ታይፕ ያስተምሩ ነበር፤ በከተማው ውስጥ ጸሐፊ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ካለች ጣቷን ያስተካከሉላት እሳቸው መሆናቸው አይቀርም። ታይፑ ሲቀር ኮምፒውተር ተማሩ፤ ከዚያም ከኛ ከወጣቶቹ ቀድመው የስልክ አፕሊኬሽን ሥራ ማስተማር ጀመሩ። ከክፍል ሲወጡ ሁልጊዜ እጃቸው ጠመኔ ነክቶት ነው። ላቡ ያለው የማርከር ሰሌዳ ብቻ ነው። ጠመኔውን ከየት እንደሚያመጡት እስከዛሬ አላውቅም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ሥራችን ትንሽ ላስረዳ። እኔ የማስተምረው ትምህርት ብዙ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ አንዱ ሰርቨር ይሆናል፣ ሌሎቹ ከእሱ ይጠይቃሉ። ኮሌጁ ለአንድ ሠልጣኝ አንድ ኮምፒውተር ካደረሰ ደግሞ እሰየው ነው። ስለዚህ በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮች እንፈጥራለን፤ ብረት የሌላቸው፣ በፕሮግራም ብቻ የሚኖሩ። ቨርቹዋል ማሽን ይባላሉ። ጋሼም ያው ናቸው፤ ሠልጣኝ ሁሉ ለሙከራ የሚሆን ስልክ ከየት ያመጣል? ኮምፒውተሩ ውስጥ ስልክ ፈጥረው እዚያ ያሠሯቸዋል።

እነዚህ በአየር ላይ ያሉ ማሽኖች ሁለት ሦስት ሆነው ሲነሱ ፕሮሰሰሩ ራሱ ካላገዛቸው አይንቀሳቀሱም። ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚባለው ይኸው እገዛ ነው። ለሠልጣኞቼ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ምሳሌ ነው የማስረዳቸው። ገበሬው አማርኛ አይችልም፣ ኃላፊው ወላይትኛ አይችልም እንበል። አስተርጓሚ መሐል ከገባ ጉዳዩ ያልቃል፣ ግን ከሰዓት ነው። ኃላፊው ወላይትኛ ከቻለ ግን እዚያው በቆሙበት ያልቃል። አክስለሬሽን ያለ አስተርጓሚ መነጋገር ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ ወረዳ ያልተመላለሰ ሰው የለማ!

ችግሩ የጋሼ ስልኮችና የኔ ማሽኖች በተለያየ ፕሮግራም የሚሠሩ መሆናቸው ነው። አክስለሬሽኑን ደግሞ አይካፈሉትም፤ አንዱ ከያዘው ሌላው የለውም። በየኮምፒውተሩ ዊንዶውስ ውስጥ ምልክት የሚደረግባት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ማብሪያ የምላት እሷን ነው። እሷ ስትበራ የጋሼ ስልኮች ይሮጣሉ፣ የኔ ማሽኖች ይንፏቀቃሉ። ስትጠፋ የኔዎቹ ይሮጣሉ፣ የጋሼ ስልኮች ይንፏቀቃሉ። መቀየር ይቻላል፤ ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ መነሳት አለበት፣ የኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ለመነሳት ልመና ይፈልጋሉ። የኔን ፕሮግራም የሠሩት ሰዎች ቀልድ ሳይወዱ አይቀሩም፤ አክስለሬሽኑን ሲያጣ ከመስኮቱ ግርጌ ትንሽዬ አረንጓዴ ኤሊ ያወጣል።

ላቡ ጠዋት የኔ ነው፣ ከሰዓት የጋሼ። ጤነኞች ብንሆን አንድ ቀን ቁጭ ብለን እንነጋገርበት ነበር። መጀመሪያ ኤሊዋን ያየሁ ጠዋት ማብሪያዋን የነኳት ማን እንደሆኑ ገባኝ። ግን ለአባቴ እኩያ ሰው «ያንተን አጥፋልኝ» ይባላል? ምን ባለጌ ብሆን! ስለዚህ ዝም ብዬ ለራሴ አጠፋሁና ምሳ ላይ ከመውጣቴ በፊት ለእሳቸው መልሼ አበራሁት። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጠፍቶ አገኘሁት። ጋሼ ከሠልጣኞች ሰምተው ይሆናል፣ ማታ ሲወጡ ለኔ አጥፍተውልኝ ነው የሄዱት። ከዚያ በኋላ ሥራችን ይኸው ሆነ፦ ምሳ ላይ እኔ ለእሳቸው አዘጋጅቼ እወጣለሁ፣ ማታ እሳቸው ለኔ አዘጋጅተው ይወጣሉ። ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

አንዱ ሲረሳ ሌላው አያርምም፣ ይህም ሕግ ሆነ። አንድ ሰኞ ጋሼ ረስተውት አገኘሁ። ማጥፋት ማንን ገደለ? ግን ማጥፋት «ረስተዋል» ማለት ነው፤ «ረስተዋል» ማለት ደግሞ «አርጅተዋል» ማለት ነው። እስከ ምሳ ከኤሊዋ ጋር ዋልኩ። ሠልጣኞቼ ሰርቨሩ እስኪነሳ የጋብቻ ወሬ ጨረሱ። ሌላ ጊዜ እኔ ወባ ይዞኝ ሳላበራ ወጣሁ። በኋላ እንደሰማሁት ጋሼ ማብሪያዋን ሳይነኩ ከሰዓቱን ሙሉ ሰሌዳው ላይ ስልክ ሲስሉ ዋሉ። ስዕሉ ቆንጆ ነበር አሉ፤ ባትሪ ሁሉ ነበረው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኛ ዝምታ ነቀዘ።

እንዲህ እያለን የመምህራን ብቃት ምዘና መጣ። ያለፈ በክፍሉ ይቀጥላል፤ ያላለፈ ወደ ድጋፍ ሥራ ይዛወራል። ድጋፍ ሥራ የሚባለው እኛ ጋ ንብረት ክፍል ነው፤ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚተኙበት። ጋሼ ባለፈው ዙር ወድቀው ነበር፤ መሐል ላይ መብራት ሄዶባቸው። ይኼኛው የመጨረሻቸው ነው ተባሉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ከቤታቸው ያመጡትን ቦዬ፣ የወላይታን ቅቅል ሥራ ሥር፣ በዳጣ በርበሬ እያጠቀሱ ነገሩን አነሱት።

«ደሞዙ ያው ነው» አሉ። «ምንም አይጎድልብኝም። ብቻ ወንበር ጥያቄ አይጠይቅም።»

ይህን ብለው አንድ ቦዬ ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ሰውዬው ከክፍል ከወጡ ይሞታሉ ብዬ ነው ያሰብኩት። የሆነ ሆኖ በልቤ እኒህ ሰው ማለፍ አለባቸው ብዬ ወሰንኩ።

ምዘናው በራሳችን ላብ እንዲሆን ተደረገ። የጋሼ ፈተና ሦስት ስልኮች ባንዴ አስነስቶ እርስ በርስ መልእክት ማላላክ ነው፤ የኔ ደግሞ አንድ ሰርቨርና ሁለት ተጠቃሚ ማሽኖች አስነስቶ ማገናኘት። ይህን ሁሉ ሳያቃስት የሚሸከም ኮምፒውተር ያለን አንድ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ሥር ያለው። ስለዚህ በየተራ እዚያ ላይ እንቀመጣለን። ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት ጋሼ ተብሎ ተለጠፈ።

ይህ አልተዋጠልኝም። በዚያ ወር ከሰዓት ከሰዓት ከዳሞታ ተራራ በኩል ደመና ይመጣል፣ ደመና ሲመጣ መብራት ይሄዳል። ጋሼን እንደገና መብራት ሊጥልብኝ ነው? የምዘና አስተባባሪዋ ዘንድ ሄጄ ተራዬን ቀየርኩ፤ ጋሼ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት። ለጋሼ አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው «በጭራሽ፣ አንቺ ቅደሚ» ይሉኛል፣ እኔ «በሞቴ እርስዎ» እላለሁ፣ እሳቸው «እኔ ልሙት» ይላሉ፣ እንዲህ ስንባባል ምዘናው ያልፋል። ጠዋት ሲጠሩ ያውቁታል ብዬ ተውኩት። በዋዜማው ምሳ ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩን ለእሳቸው አዘጋጀሁ፤ ማብሪያዋን አበራሁ፣ አስነሳሁት፣ አንዱን ስልክ ከፍቼ ሞከርኩት። እንደ ፌንጣ ዘለለ። ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ያላሰብኩት ነገር ጋሼ ማታ ላብ መግባታቸውን ነው። ትምህርት ባይኖርም ገብተዋል። ጠዋት የምቀድመው እኔ ነኝ ብለው ነው የሚያስቡት፤ ስለዚህ እንደወትሮው ማብሪያዋን ለኔ አጥፍተውልኝ ወጡ።

ጠዋት መዛኙ ዘግይቶ መጣ፤ መኪናው ቦዲቲ ላይ ጎማ ፈንድቶበት። የሌላ አገር ልጅ ነው፣ ወላይትኛ አይሰማም፣ ሸሚዙ በጣም ነጭ ነው። ገና ሲገባ ሕጉን ነገረን፤ በፈተና ላይ ያለን ሰው በሥራው ጉዳይ ያናገረም፣ የተነገረውም ይሰረዛሉ። ከዚያ የጋሼን ስም ጠራ።

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ተቀይሯል ጋሼ፣ ይግቡ» አልኩ።

ፊታቸው ለምን እንደተለወጠ ያኔ አልገባኝም። ፈተና ፈርተው መሰለኝ። ገቡ፤ እኔ ደግሞ ውጭ መስኮቱ ሥር ቆምኩ፣ ሙቀት ስለነበር መስኮቱ ክፍት ነው። ተቀመጡ፣ ክራቫታቸውን አስተካከሉ፣ የመጀመሪያውን ስልክ ከፈቱ። ጥቁር ስክሪን። ጠበቁ። ጥቁር ስክሪን። ምልክቱ ብቅ ብሎ እንደ ሽማግሌ ዳገት መውጣት ጀመረ።

እኔ ያን መንፏቀቅ አውቀዋለሁ። አክስለሬሽን የለውም። ትናንት አብርቼው ሄጃለሁ፤ ታዲያ ማን አጠፋው? ይህን ስጠይቅ መልሱ እዚያው መጣልኝና ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። ወይኔ! ለኔ ነው ያጠፉልኝ።

ቢሆንም ጊዜ ነበራቸው። ማብሪያዋ ያለችበትን ቦታ ከኔ እኩል ያውቃሉ፤ አብርተው ቢያስነሱት ለፈተናው ልክ የሚበቃ ሰዓት ይተርፋቸዋል። ማውሱን ወደዚያ ሲወስዱት አየሁ። መስኮቱ ተከፈተ፣ ሳጥኗ ታየች። እዚያ ቆሙ። ከዚያ ቀና ብለው በመስኮት ወደኔ ተመለከቱ፣ መልሰው ሳጥኗን ዘጓት። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስልኩን ይጠብቁት ጀመር።

ምን እያሰቡ እንደሆነ ማወቅ መጽሐፍ እንደማንበብ ነበር። ከእሳቸው በኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ካበሩት ለኔ ኤሊ ይሆንብኛል። እኔ ደግሞ የእሳቸውን እንደማላጠፋ ያውቃሉ፤ ከመጀመሪያዋ ጠዋት ወዲህ አጥፍቼ አላውቅምና። ሰዓታቸው ሲያልቅ መልሰው እንዳያጠፉልኝ፣ ሰዓት ሲያልቅ እጅ ከኪቦርድ ይነሳል ተብሏል።

ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሕጉም መዛኙም ከአእምሮዬ ወጡና በመስኮት አንገቴን አስገብቼ በወላይትኛ ጮህኩ፦ «ጋሼ፣ ያብሩት! እኔ በተራዬ አጠፋዋለሁ! ምንም አልሆንም! ያብሩት!»

መዛኙ ብድግ አለ።

«ምን አለችዎት፣ አባቴ?»

ጋሼ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ልጁ አዩ። በሕይወታቸው ሲዋሹ ሰምቼያቸው አላውቅም።

«ምሳ ደርሷል ነው የምትለው» አሉ።

መዛኙ ሰዓቱን ተመለከተ። ከቁርስ በኋላ ገና ሻይ እንኳ አልወጣም። «እናንተ አገር ምሳ በዚህ ሰዓት ነው?»

«ቀደም እንላለን» አሉ ጋሼ።

ልጁ ግራ ገብቶት ተቀመጠ። እኔም እፎይ አልኩ። አሁን ሰምተዋል፤ መዛኙ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማብራት ብቻ ነው። ጋሼ ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ በእጃቸው እሺ እሺ፣ ሂጂ አይነት አሳዩኝ። ቤት የመጣ ሰው «ምንም አታቅርቡልኝ» ሲል የሚደረግለት ነገር ነው። እጃቸው ወደ ጉልበታቸው ተመለሰ። ማብሪያዋን አልነኳትም።

የመጀመሪያው ስልክ ተነሳ። ሁለተኛው ግማሽ ድረስ መጣ። ሦስተኛው አልመጣም። መዛኙ «ገና ብቁ ያልሆነ» ብሎ ፈረደ። አባባሉ ነው እንዲህ። ጡረታ የደረሰ ሰውን «ገና» ይሉታል።

ከሰዓት እኔ ገባሁ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶልኛል። ሰርቨሩ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ተነሳ፣ ሁለቱ ማሽኖች ተከተሉት፣ ተገናኙ፣ ሰላም ተባባሉ። መብራት አልሄደም። ደመናም አልመጣ፣ ምን ቆርጦት! መዛኙ እንዲህ ፈጣን ላብ አላየሁም ብሎ አመሰገነኝ። ልመታው ነበር።

ማታ ወደ ታክሲ ስንወርድ ጋሼን ያዝኳቸው።

«ለምን አላበሩትም? ነገርኩዎት እኮ! አጠፋዋለሁ አልኩዎት!»

«ብለሻል» አሉ።

«ታዲያ?»

«እንግዳ ቤትሽ ቢመጣና በልቻለሁ ቢልሽ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማዕዱን ታነሺበታለሽ?»

«እኔ ግን እውነቴን ነበር!»

«እንግዳውም እንደዚያው ነው የሚለው» አሉና ባጃጅ አስቆሙልኝ። ሂሳቡንም ከፈሉልኝ። ላቡን በተጋራንባቸው ሦስት ዓመታት ከእውነተኛው ፍላጎቴ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም። ኤሊዋ ስትወጣብኝ ምንም አልሆንኩም፣ ሲደክመኝ ደህና ነኝ፣ ሲከፋኝ እግዚአብሔር ይመስገን። አንድ ቀን እውነት ብናገር ከሌላው በምን ይለዩት?

ጋሼ ንብረት ክፍል ገቡ። ላቡ ጠዋትም ከሰዓትም የኔ ሆነ፤ የስልኩን ትምህርት ለጊዜው ማንም የሚያስተምረው የለም። ማብሪያዋን የሚያበራት የለም። ሠልጣኞቼ ደስ ብሏቸዋል፤ ትምህርቱ ከደወሉ በፊት ያልቃል።

ከሳምንታት በኋላ ማውስ ተበላሽቶብኛል ብዬ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ማውሱ አልተበላሸም። ጋሼ የተሰበሩትን ወንበሮች እግራቸው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲዞር አድርገው ደርድረዋቸው፣ ከፊታቸው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልክ እንደ ክፍል ነው። እጃቸው ንጹሕ ነበር፤ ጠመኔ አልነካውም።

«ጋሼ፣ ዲኑን ላናግረው ነው» አልኩ። «ተራ የቀየርኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ለእርስዎ ሳይዘጋጅ ነው የተቀመጡት፤ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። አቤት ከተባለ ድጋሚ ይሰጥዎታል፣ አስተባባሪዋን ጠይቄያታለሁ።»

«ተዪው ልጄ። አንቺም መዘዝ ውስጥ ትገቢያለሽ።»

«ልግባ!»

«ላቡን ብቻሽን ስትይዢው ይሻልሻል። ማንም አይነካብሽም፣ ሥራሽ ይፈጥናል።»

«እንዲፈጥን አልፈልግም!» አልኩ። ድምፄ ከንብረት ክፍሉ አልፎ መኪና ማቆሚያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። «እርስዎ እንዲመለሱ ነው የምፈልገው። ከሰዓት ባዶውን ላብ ሳየው ሆዴ ይባባል። የሳሏትን ስልክ እንኳ ከሰሌዳው ያጠፋት ማን እንደሆነ ባገኘው አልለቀውም። ይሉኝታ አይደለም ጋሼ፣ ከልቤ ነው፣ እግዚአብሔርን ከልቤ ነው። ድጋሚ ይፈተኑልኝ!»

እንባዬ መጣ፤ አልደበቅኩትም። በሥራ ቦታ ሳለቅስ የመጀመሪያዬ ነው። ጋሼ ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ዓይናቸው እርጥብ ያለ መሰለኝና ተስፋ አደረግሁ።

ከዚያ ፈገግ አሉ።

«የጨዋ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «አስተዳደግሽ ያስታውቃል።»

ሌላ ማውስ ከመደርደሪያው አወጡና አቧራውን በኮታቸው እጅጌ ጠርገው ሰጡኝ።